ሙሉ ስሙ

ገሊላ ያን ሰው «ወንድሜ ነው» ብላ ስትዋሽለት ስሙን እንኳ አታውቅም ነበር።

ጠዋት ነው። ከባሕሪ ወደ ካርቱም የምትሻገረው ሃፍላ፣ የከተማዋ አውቶብስ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመች። ፖሊሶች ገብተው ተሳፋሪውን በዓይናቸው መልቀም ጀመሩ። ከሻ ነበር፤ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ እያፈሱ በጭነት መኪና የሚወስዱበት። ከገሊላ ጎን የተቀመጠው ረጅም ወጣት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመስኮት ያያል። እጆቹ በብየዳ ፍንጣሪ ነጠብጣብ ሆነዋል። አልተቅበጠበጠም፣ መውጫም አልፈለገም። ልቧን የነካው ይኸው ጸጥታው ነው። እንደሚወስዱት አውቆ ራሱን አስቀድሞ ያስረከበ ይመስል ነበር።

ፖሊሱ አጠገባቸው ደርሶ ኢቃማ ጠየቀ። ገሊላ የራሷን የመኖሪያ ፈቃድ አውጥታ ሰጠችውና፣ ገና ሳታስበው በዐረብኛ «ይሄ ወንድሜ ነው፤ የሱ ወረቀት ቤት ቀርቷል» አለች። ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት፤ ዐረብኛዋ የአገሬው ነው።

ፖሊሱ አንዴ እሷን፣ አንዴ ልጁን አየ። «ኢስሙ ሚኑ?» አላት። ማን ይባላል ማለቱ ነው።

ገሊላ ምላሷ ተያዘ። ልጁ ዞር ብሎ «ደሜ» አለ።

ፖሊሱ ሳቀ። ደም በዐረብኛም ደም ነው፤ «ደሜ» የሚለውም ለጆሮው ያው «ደሚ» ነው። «ወላሂ፣ ስሙ ደሜ ከሆነማ እውነትም ወንድሟ ነው» ብሎ ለጓደኛው ነገረውና ወረቀቷን መለሰላት።

ሃፍላዋ ወንዙን ተሻገረች። ከዚያ ልጁ በአማርኛ «ለምን?» አላት።

«እኔ እንጃ» አለች። እውነቷን ነበር።

በሳምንቱ ካርቱም ዐማራት ሰፈር፣ በምትሠራበት በእትዬ የኔነሽ ካፌ በር ላይ ቆሞ አየችው። የት እንደምትሠራ እንዴት እንዳወቀ አልጠየቀችውም።

«ግባና ቁጭ በል።»

«ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት።»

«ቁጭ ብለህ አመስግነኝ።»

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጣ እየጠበቃት በአንድ ሃፍላ ወደ ባሕሪ መመለስ ለመዱ። እሱ የሚያድረው ባሕሪ ነው፤ የሚሠራው ግን ካርቱም፣ የብረት በርና መስኮት የሚበየድበት ቤት ነው። መጀመሪያ ያሰበው ካርቱም ጥቂት ሠርቶ ወደ ሊቢያ ለማለፍ ነበር፤ አሁን ግን ሊቢያን ከአፉ አያነሳም። እሷ ዐረብኛ ታስተምረዋለች፤ እሱ አማርኛዋን ያቃናላታል። የገሊላ አማርኛ ከአባቷ ብቻ የተማረችው የቤት አማርኛ ነው። ለሽማግሌውም፣ ለቄሱም «አንተ» ትላለች። «እርስዎ» ማለትን ያስተማራት ደሜ ነው። አንዳንዴ ተሳስታ የሃፍላዋን ሾፌር «እርስዎ» ስትለው፣ ደሜ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ቀን «ደሜ የምትባለው ከደመቀ ነው?» አለችው።

ቁልቁል አየ። ከድልድዩ በታች ውሃው ደፍርሶ ይወርዳል። «ደሜ በይኝ» አላት።

«ደመቀ ግን ቆንጆ ስም ነው። የበራ ማለት አይደል?»

«ነው» አለ። ስለ ደመቀ ነው የመለሰላት፤ ስለ ራሱ አልነበረም። ይህ የገባት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

አባቷን ሰዉ ሁሉ «ሻምበል» ይላቸዋል። ማዕረግ ኖሯቸው አያውቅም። ገና ሲመጡ ቀጥ ያለ አረማመዳቸውን ያየ አንድ ሰው አውጥቶላቸው በዚያው ጸናባቸው። በወረቀት ላይ ስማቸው አያሌው ነው። በባሕሪ የፋብሪካ ሰፈር የአንድ መጋዘን ዘበኛ ናቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ በመጋዘኑ ግቢ ጥግ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ። እሑድ አብረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ሻምበል ግን ከቅጥሩ ውጪ ቆመው ነው የሚያስቀድሱት። ገሊላ ልጅ ሳለች ለምን እንደማይገቡ ጠይቃቸው «እግሬን ያመኛል» ብለዋት ነበር። እግሩን የሚያመው ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዴት እንደሚቆም አልጠየቀችም።

ደሜን ወደዱት። ዓርብ ዓርብ የብየዳ ቤቱ ዝግ ነውና ይመጣል፤ የተሰበረ ማጠፊያ ይጠግናል፣ ከሻምበል ጋር ከአንድ ሳሕን ፉል ይበላል። ሁለቱ አብረው ብዙ ዝም ይላሉ። «የየት አገር ሰው ነህ?» ብለውት «ከጣና ማዶ ነኝ» ብሏቸዋል። «እርስዎስ?» ሲላቸው «እኔማ እዚሁ አረጀሁ፤ አገር የለኝም» ብለዋል። ከዚያ በላይ አንዱም አልቆፈረም። ገሊላ ይህን እንደ ጨዋነት ቆጠረችው።

ከዕለታት አንድ ቀን ሃፍላ ሲጠብቁ የአሸዋ ማዕበል ደረሰባቸው። ከደቡብ በኩል እንደ ቀይ ግድግዳ መጥቶ ከተማውን ዋጠው። ደሜ ኮቱን አውልቆ ጭንቅላቷ ላይ ጣለላት። ከኮቱ ሥር የራሷን ትንፋሽ ብቻ ስለምትሰማ ፈራች።

«ደሜ?»

«አለሁ።»

ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠራችው፤ «አለሁ» አላት። አቧራው እስኪያልፍ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። ሲገለጥ ፊቱ በሙሉ ቀይ አፈር ሆኖ ዓይኖቹ ብቻ ቀርተዋል። እሷን ነበር የሚያዩት።

«ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ይሰሙኛል?» አላት።

«ሽማግሌ አለህ?»

«እፈልጋለሁ።»

የተገኘው ሽማግሌ ውብሸት ነው። ከዚያው ከደሜ ወረዳ በቅርብ የመጣ፣ ኦምዱርማን ገበያ የሚነግድ፣ አንደበቱ የተባ ሰው። ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር መጥቶ ከሻምበል ፊት ቆመ። ወጉ ስለማይፈቅድ ደሜ አልመጣም። ገሊላ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማለች።

ውብሸት ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ልጃችን ሰርቶ አዳሪ ነው፤ ያውቁታል። ዘሩም የሚያሳፍር አይደለም። ደምመልስ ጸጋዬ ይባላል። ቋራ ነው አገሩ። አባቱ እሱ በማኅፀን ሳለ በሰው እጅ ወደቁ፤ እናቱ ወይዘሮ ምንዳዬ ብቻቸውን አሳደጉት።»

ሻምበል የያዙትን የሻይ ብርጭቆ መሬት አስቀመጡት።

«ምን አልከኝ ስሙን?»

«ደምመልስ።»

«ማን አወጣለት?»

«እናቱ ናቸው እንጂ። ይህን ስም ሌላ ማን ያወጣል?»

 ገሊላ አባቷ የሚናገሩ መስሏት ጠበቀች። ብዙ ቆይተው «እንግዲህ ቀጠሮ ስጡኝ» አሉ። ይህ ያባት ደንብ ነውና ሽማግሌዎቹ ቅር ሳይላቸው ተነሱ።

ሰዎቹ እንደወጡ ሻምበል በጠራራ ፀሐይ የግቢውን በር ቀረቀሩት።

«ልጁ ከእንግዲህ እዚህ ቤት እንዳይመጣ።»

«ምን አጠፋ አባዬ?»

«ምንም አላጠፋም» አሉና ጀርባቸውን ሰጧት።

ገሊላ ስሙን በልቧ ይዛው አደረች። ደምመልስ። የምታውቀው ነገር መሰላት። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ሐኪሞቹ «የወሰዳችሁትን ደም መልሱ» ብለው ቤተ ዘመድ ጠርተው፣ አባቷ ክንዳቸውን ሲሰጡ አይታለች። እንግዲህ ደምመልስ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ይሆናል፤ ለታመመ ደሙን የሚሰጥ። እንዲያውም ከደመቀ በልጦ አማራት። በማግስቱ ካፌው ውስጥ ብርጭቆ እያደረቀች ይህንኑ ለእትዬ የኔነሽ አጫወተቻት።

የኔነሽ ከጎጃም የመጣች፣ ካርቱም የሸበተች ሴት ናት። የምትወለውለውን ጠረጴዛ ትታ ቀና አለች።

«ማን ነው የሚባለው ያልሽኝ?»

«ደሜ ነዋ። ሙሉ ስሙ ነው።»

«ደመላሽ ማለትሽ ነው?»

«አይደለም። ደምመልስ።»

የኔነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ነይ እናቴ፣ ቁጭ በይ። ደመላሽ የሚባል ሞልቷል። አያቱም አጎቱም ተጠርተውበት፣ ትርጉሙ አልቆ ስም ብቻ ሆኗል። ደምመልስ ግን ሌላ ነው። ትእዛዝ ነው። ባሏ የተገደለባት ነፍሰ ጡር፣ ወንድ ስትወልድ የምታወጣው። አድገህ ያባትህን ገዳይ ግደል ማለት ነው። ልጁ ውሃ ቅዳ ተብሎ ሲጠራም፣ እራት ብላ ተብሎ ሲጠራም፣ ግደል ግደል እየተባለ ነው የሚያድገው።»

ገሊላ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። «ብዙ ሰው አለ እንዲህ የሚባል?»

«ድሮ ነበረ ይሉናል። አሁን ክርስትና የሚያነሳው ቄስም ይቆጣል፣ ሰዉም ያፍርበታል። እኔ በዕድሜዬ አንድ አውቄአለሁ፤ እሱም ሸክሙ ከብዶት ገዳም ገባ። ለልጇ ይህን ስም የምታወጣ ሴት እንዴት ያለ ሐዘን እንዳዘነች አስቢው።»

«የሚገድለው ሰው ግን ማን ነው?»

የኔነሽ «እሱን አላውቅም» ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ገሊላ ግን አባቷ የቀረቀሩትን በር አሰበች።

ቤት ስትደርስ ሻምበል ከግቢው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አባዬ፣ የደሜን አባት ማን ገደለው?»

ሻምበል ቀና ብለው አዩዋት። «እኔ» አሉ።

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሯት። በሰሊጥ ማሳ ድንበር ነው። ሁለቱም ወጣቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ጠመንጃ ይዘው ነበር። ጸጋዬ ወደቀ። «ሚስቱ እርጉዝ መሆኗን አውቅ ነበር። ሠርጋቸው ላይ በልቻለሁ። ወንድ ትውለድ ሴት ሳልሰማ ድንበሩን ተሻግሬ መጣሁ። እዚህ በሬ በተንኳኳ ቁጥር አንድ ጎረምሳ እጠብቅ ነበር። ያ ጎረምሳ መጥቶ በሬን ይጠግንልኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።»

«ያውቃል?»

«አያውቅም። ቢያውቅ ከሳሕኔ ባልበላ።»

አባቷን ስታይ ያው አባቷ ናቸው፤ ጸጉሯን እየጎነጎኑ ያሳደጓት።

«ሽማግሌ እልክበታለሁ» አሉ ሻምበል። «በኛ አገር ደም የሚደርቅበት መንገድ አለ። ገዳይ ይለምናል፣ ካሳ ይቆረጣል። እርቁ እንዲጸና ልጅም ይሰጣል።»

«እኔን?»

«አንቺማ ትወጂው የለ?»

«ስለምወደው ነው ካሳ የማልሆነው» አለች ገሊላ።

በዓርቡ ደሜን ወንዙ ዳር አገኘችው። ከአባቷ መልስ ያመጣችለት መስሎት ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ይህን ስታይ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት።

«ሙሉ ስምህን ለምን አልነገርከኝም?»

ፊቱ ተለወጠ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ውብሸት ነው የነገራችሁ? ስሙን ዋጥ አድርግልኝ ብዬው ነበር።» ጠጠር አንስቶ ወደ ውሃው ወረወረ። «እኔ እዚህ የመጣሁት ከዚያ ስም ሸሽቼ ነው። ስጎረምስ አጎቶቼ ጠመንጃ ሰጡኝ። ሰውየው ሱዳን ነው ያለው፣ ፈልገህ ጨርስ አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እናቴ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ፤ መርቃ። ጠመንጃውን መተማ ሳልደርስ ጫካ ውስጥ ጣልኩት። እስከዛሬ ስለዚያ ሰው አንድ ሰው ጠይቄ አላውቅም። እንዳላገኘው ስለት ስሳል ነው የኖርኩት ገሊላ።»

ገሊላ አማርኛው አልወጣ አላት። «ለጌቱ» አለችው በዐረብኛ። አገኘኸው ማለቷ ነው። ቃሉን ራሷ ናት ያስተማረችው።

ደሜ መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ዓይኖቿን አየ። «ሻምበል?»

ራሷን ነቀነቀች።

ደሜ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ፣ እንደገና ተቀመጠ። «እጃቸውን ታጥበው ሲያጎርሱኝ አባት ይህን ይመስላል እያልኩ ነበር» አለ።

«ደሜ።»

«ባገባሽ በደም የተወሰደች ይሉሻል። ብተውሽ ደግሞ…» አልጨረሰውም። «እስቲ ተይኝ። ጥቂት ጊዜ ተይኝ።»

ተወችው። ሳምንቱ አለፈ፤ ሌላውም ተከተለ። ስልኩ አይሠራም። የጾሙን ወራት ገሊላ ብቻዋን በሃፍላ ተመላለሰች። ሁልጊዜ ጎኗ ያለው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ፊቷን ታዞራለች። ከአባቷ ጋር በአንድ ቤት እየኖሩ ሁለቱም ስለ እሱ አያነሱም። አንድ ጊዜ ብቻ ሻምበል እራት ላይ «ሊቢያ ሄደ መሰለሽ?» አሏት። ሳሕኑን አነሳች።

ቀዳም ሹር ዕለት ማለዳ፣ የኔነሽን ለፋሲካው ለማገዝ ዐማራት ሄደች። ሽንኩርት እየላጡ ሳለ ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ እንደ ወትሮው ሰልፍ የሚበተን መሰላቸው። ከዚያ መስኮቱ ተናወጠ። እኩለ ቀን ሳይደርስ ድልድዮቹ ተዘጉ፤ ሰማዩ በጭስ ጠቆረ። ካርቱም ውስጥ ሁለት ጦሮች ውጊያ ገጥመው ነበር።

አባቷን አንድ ጊዜ ብቻ በስልክ አገኘቻቸው። «እንዳትወጪ» አሏት። «ለእኔ አታስቢ፤ ብቻዬን አይደለሁም።» ማን አብሯቸው እንዳለ ሳትጠይቅ መስመሩ ተቆረጠ።

ፋሲካው በካፌው ወለል ላይ ዋለ። የየኔነሽ ግቢ ግንቡ ወፍራም ስለሆነ የሚያውቃትም የማያውቃትም ሐበሻ እየሮጠ ገባ። ውብሸትም ወደ ኦምዱርማን መመለሻ አጥቶ ከመካከላቸው አለ። ውሃ ተቋረጠ፣ መብራት ጠፋ። ገሊላ አንድ ጊዜ ወደ ድልድዩ እሄዳለሁ ብላ ወጥታ የኔነሽ ከመንገድ ጎትታ መልሳታለች።

በሁለተኛው ሳምንት ደሜ መጣ። በዓሣ አስጋሪ ጀልባ ተሻግሮ፣ በየግንቡ ጥግ እየተሽሎከሎከ። ሸሚዙ ላይ የደረቀ ደም አለ። ገሊላን ሲያይ ግቢው መካከል ቆመ።

«ሻምበል ዐርፈዋል» አላት።

ሴቶቹ ደርሰው ያዟት። አለቀሰች፤ ቁና ቁና እስክትተነፍስ። ሲቀልላት «ንገረኝ» አለችው።

«ተኩሱ ሲጀመር አንቺ ከማዶ መሆንሽን ዐወቅሁ። ብቻቸውን ናቸው ብዬ ሄድኩ። ያን ሁሉ ቀን አብረን ነበርን። ከዚያ ከባድ መሣሪያ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ወደቀ። ግማሽ ቀን ቆዩ። ደማቸውን ለማቆም ሞከርኩ፤ እንቢ አለ። ወደ መቃብር የሚያደርስ መንገድ ስላልነበረ እዚያው ግቢው ውስጥ ቀበርኳቸው።»

«ማን ነበረ ከእናንተ ጋር?»

«ማንም።»

ያን ጊዜ ውብሸት ከተቀመጠበት ተነስቶ መጣ። የሻምበልን ማንነት ከሰማ ቆይቷል፤ ገሊላ በጭንቋ ሰዓት ለየኔነሽ ስትነግር ሰምቷል። ደሜን ትከሻውን ሳመው። «ያባትህ ነፍስ ዐረፈች» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም ሰማው። «እናትህ ያወጣችልህ ስም ዛሬ ስም ሆነ።»

«አልገደልኳቸውም» አለ ደሜ።

«እዚህ ማን ይጠይቅሃል? የሆነው ሆኗል።»

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። ስልክ ለአጭር ጊዜ ይሠራ ነበርና ውብሸት ከጥግ ሆኖ ደሙ ተመለሰ ብሎ ሊያበስር ቋራ ደወለ።

በማግስቱ ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ወደ መተማ የሚሄድ አውቶብስ ተገኘ። ሰዉ ግን ተሰብስቦ የኔነሽን አናገራት። «ነፍስ ካጠፋ ሰው ጋር አንሳፈርም፤ ብዙ ልጆች ይዘናል» አሏት። ደሜ ከግንቡ ሥር ተቀምጦ ይሰማል። ለመከራከር አልተነሳም። ያን ዕለት ሃፍላ ውስጥ እንደነበረው ነው ጸጥ ያለው።

የኔነሽ ወደ ገሊላ መጣች። «ሟቹ ያንቺ ነው። አንቺ ያልሽው ይሆናል። ይሂድ ወይስ ይቅር?»

ገሊላ ወደ ደሜ ሄዳ ከፊቱ ቆመች። ሸሚዙን፣ እጆቹን፣ ፊቱን አየች። እሱም ዓይኑን አልሰበረባትም።

«ምስክር የለኝም» አላት። «ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ።»

አባቷ ብቻዬን አይደለሁም ያሏት በደስታ ይሁን በፍርሃት አታውቅም። ከዚህ ሰው ቃል በቀር በእጇ አንድም ነገር የለም። ወደ ሰዉ ዞረች። አማርኛዋ ሲቸግራት ቃል እየፈለገች ተናገረች።

«እኔ አላየሁም። ውብሸትም አላየም። ውብሸት ያየው ስሙን ነው። እኔ ደግሞ ሰውየውን ዐውቀዋለሁ። ከእኔ ጋር ነው የሚሄደው፤ እሱ ካልሄደ እኔም አልሄድም። ኸላስ፣ አለቀ።»

የኔነሽ ቦርሳዋን አነሳች። «እንግዲህ ሰማችሁ» አለች። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ እንቢ ብሎ የቀረ ግን የለም።

አውቶብሱን ሲጠብቁ የውብሸት ስልክ ጮኸ። ከቋራ ነው። ደሜ ተቀብሎ ግንቡን ተደግፎ ሰማ። «እናቴ… አዎ፣ ሞተዋል… አይደለም። አልገደልኳቸውም… እምልልሻለሁ።» ስልኩን ከጆሮው አራቀው። «ፈርተህ ነው የምትክደው ትለኛለች። ሰዉ ለደስታ ቤቷ መጥቷል። የሻምበል የወንድም ልጆችም ሰምተዋል። ነገ የእኛን ሰው ይገድላሉ።»

ገሊላ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

«እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ።»

«ማን ልበል?» አለ የደከመ ድምፅ።

«ገሊላ እባላለሁ። የአያሌው ልጅ ነኝ።»

ከማዶ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ምንዳዬ ከሰዉ እየራቁ ሄዱ መሰለ፣ ድምፁ ቀነሰ።

«አያሌው ልጅ ነበረው?»

«እኔን ብቻ።»

«ልጄ አባትሽን ገደለው?»

«አልገደለውም። ቀበረው።»

«አይተሻል?»

«አላየሁም። ግን እኔ ላገባው ነው፣ እማማ። ማንም አልሰጠኝም፤ ራሴ ነኝ። እርስዎ አባቱን የገደለባትን ሰው…» ቃሉ ጠፋባት፤ ሰዋስዉም ተዛባባት። «አባቴን ቢገድለው አላገባውም።»

ገሊላ መስመሩ የተቆረጠ መስሏት ስልኩን ጫን አድርጋ ያዘችው። ከዚያ ወይዘሮ ምንዳዬ «ማን ፈታው?» አሉ።

«ምን?»

«ፍትሐት። ቄስ ነበረ ወይ?»

«ቄስ የለም እማማ። ጦርነት ነው።»

«ያለ ፍትሐት ተቀበረ» አሉ ወይዘሮ ምንዳዬ፣ ለራሳቸው ይመስላል። «የኔው እንኳ ሰባት ቄስ ነበር የፈታው።» የለቅሶ ይሁን የድካም ያልታወቀ ትንፋሽ ተሰማ። «ይህን ሁሉ ዘመን ስሙን ስረግም ኖሬአለሁ። አሁን ማንን ልርገም? እዚህ ማርያም አስፈትትለታለሁ። የክርስትና ስሙን ንገሪኝ፤ ቄሱ አያሌው ብሎ አይፈታም።»

ገሊላ ቀና አለች። አባቷ የክርስትና ስማቸውን ነግረዋት አያውቁም። እሷም ጠይቃቸው አታውቅም።

«አላውቀውም» አለች። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። «እማማ፣ አላውቀውም።»

«ገብረ መድኅን» አለ ደሜ ከጎኗ።

ዞራ አየችው።

«መጨረሻ ላይ እሳቸው ነገሩኝ» አለ። «ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።»

ገሊላ ነፃ እጇን ዘርግታ የሸሚዙን እጅጌ፣ ያን ደም የነካውን፣ ያዘች። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ «ገብረ መድኅን» አለች።

«ገብረ መድኅን» ብለው ደገሙት ወይዘሮ ምንዳዬ፣ ቀስ ብለው፣ እንዳይረሱት። «ደጅ ያለውን ሰው አሁን ወጥቼ አሰናብታለሁ። ለቅሶ ነው ብዬ። እናንተም ለአርባው ድረሱ።»

ለአርባው አልደረሱም። ገዳሪፍ ላይ መንገድ ተዘግቶ ሰነበቱ፤ መተማ ላይ ደግሞ ገሊላ ታመመችና ደሜ ሲያስታምማት ከረመ። ወይዘሮ ምንዳዬ ግን ተዝካሩን ያለ ልጂቷ አላደርገውም ብለው ለሰማንያው አዛወሩት። ያን ዕለት የጸጋዬ ወንድሞችና የአያሌው የወንድም ልጆች በአንድ ዳስ ገቡ። እህል ሲቀርብ መጀመሪያ ማንም እጁን አልሰደደም። ወይዘሮ ምንዳዬ ገሊላን ከጎናቸው አስቀምጠው አጎረሷት፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በላ።